ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት፦ በባለቤት፣ በሾፌርና በመካኒክ መካከል የጠፋ መተማመን

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በአንዲት ቪትዝ ምክንያት ሦስት ሰዎች ሊቆራረጡ ነበር። የመኪናዋ ባለቤት፣ ሾፌሩ እና መካኒኩ። አንባቢ ሌባውን ሲፈልግ እንዳይደክም ከአሁኑ ልናገር፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ያም ሆኖ 46,000 ብር በከንቱ ሊወጣ ለጥቂት ነው የተረፈው።

እኔ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መምህር ነኝ። ባለቤቷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ከጅምሩ ገለልተኛ ነበርኩ ማለት አልችልም። የማንንም ስም አልጠራም። ጋራዡ ያለበትንም ሰፈር አልጠቅስም። ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ተመሳሳይ ጠብ በየሳምንቱ ስለምሰማ ነው። ይኼኛው ግን ከስር ከመሠረቱ ሲፈታ በዓይኔ ያየሁት ነው።

## ዳራ

መኪናዋ በፈረንጆች 2007 የተሠራች ቶዮታ ቪትዝ ናት። ሞተሯ 1000 ሲሲ፣ ባለ 3 ሲሊንደር ነው። ባለቤቷ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። መኪናዋን የገዛቻት እናቷን ለመደገፍ ነው። ሾፌሩ በስልክ ጥሪ የታክሲ ሥራ ይሠራባታል፤ በየሳምንቱ የተስማሙበትን ገቢ ለእናትየው ያስገባል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የሚተዳደር ቤተሰብ ብዙ ነው። መኪናዋ ስትቆም የሾፌሩም የእናትየውም ጓዳ አብሮ ይቆማል።

የጥገና ስምምነታቸው በቃል ነበር። ዘይት፣ ጎማ ማስለጠፍና ጥቃቅኑ ነገር በሾፌሩ፤ ትልቁ በባለቤቷ። ሲሰማ ጥሩ ነው። ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ትንሽ ብልሽት ቸል ተብሎ ትልቅ ሲሆን ወጪው ከሾፌሩ ወደ ባለቤቷ ይሻገራል። ሾፌሩ ይህን አስቦ ያደረገው ነገር የለም። ባለቤቷ ግን ማታ ማታ ይህን ታስብ እንደነበር ነግራኛለች።

መካኒኩ ሾፌሩን ለ6 ዓመት ያውቀዋል። ባለቤቷ መካኒኩን አይታው አታውቅም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ብር ልካለች፦ ለፍሬን፣ ለሾክ አብዞርበር፣ ለዲናሞ። የደረሳት ማስረጃ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ ነው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ማንም አላሳያትም።

የጊዜው ሁኔታም አለበት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የመለዋወጫ ዋጋም ወደ ላይ ወጣ። ለብዙ ሰው ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ከመያዝ ሌላ አማራጭ አልነበረም። አንድ ዕቃ ትናንት ከተገዛበት ዋጋ ዛሬ ሲጨምር፣ ሩቅ ላለ ሰው ጭማሪው ከገበያው ይሁን ከመካኒኩ ኪስ አይታወቅም።

## ችግሩ

መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎዋ ታደሰ። በ16ኛው ቀን ሾፌሩ ሰው ይዞ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን እየወጣ ነበር። የዚህች ቪትዝ ዳሽቦርድ የሙቀት ጌጅ የለውም። ያለው መብራት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ቀይ። በሁለቱ መሀል ያለውን የሚነግር ነገር የለም። ስለዚህ ሾፌሩ ያየው ድንገት የበራ ቀይ መብራት ነው። ዳር ይዞ ቆመ። ኮፋኑን ሲከፍት እንፋሎት ወጣ። ጥቂት ጠብቆ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ፈታው። ከአንድ ሱቅ ውሃ ለምኖ ሞላ። ቀስ እያለ ወደ ጋራዡ ወረደ።

(ይህን ያነበበ ሾፌር ካለ አደራ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን አይፈታም። የሚፈናጠረው ውሃ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋውን የሞተር ራስ፣ ሊያጣምም ይችላል። እሱ ስለተረፈ ሌላው ይተርፋል ማለት አይደለም።)

መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ውሃው ቡናማ ነው። አረፋ እያወጣ ይንፈቀፈቃል። «ጋስኬት በልታለች፤ ቴስታታ ይከፈታል» አለ። ጋስኬቱ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሀል ያለው ማሸጊያ ነው። 10 ደቂቃ አልፈጀበትም። ቴስታታ ማውረድ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ (ፊቱን ማስተካከል)፣ ሙሉ ጋስኬት፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ፤ በጠቅላላ 46,000 ብር።

ሾፌሩ ዋጋውን በድምፅ መልእክት ላከ። የመጣው መልስ መራራ ነበር። «ቦሎ ካለፈች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። መርማሪው ያላየውን እናንተ እንዴት አያችሁት? ተመካክራችሁ ነው የምትሠሩት።» ሾፌሩ መልእክቱን ለመካኒኩ አሰማው። ባያሰማው ይሻል ነበር። መካኒኩ «17 ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ ሌባ ያለኝ የለም፤ መኪናዋን አውጣልኝ» አለ። ሾፌሩ ደግሞ «እትዬ፣ ቁልፉን እናትዎ ጋር አስቀምጣለሁ፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ» ብሎ ጻፈላት። የአክስቴ ልጅ የደወለችልኝ በዚያ ሌሊት ነው። እያለቀሰች ነበር።

መጀመሪያ ያስረዳኋት ስለ ቦሎው ነው። ዓመታዊው ምርመራ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪና ጭስ የመሳሰሉትን ያያል። መኪናዋ መንገድ ላይ ሰው እንዳትጎዳ ነው ዋናው ዓላማው። የምርመራ ጣቢያ ውስጥ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚነሳው፤ አራት ሰው ጭኖ ሽሮ ሜዳን አይወጣም። ቦሎ ማለፍ ማለት ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ባለመኪና አያውቅም። ጋራዥ ውስጥ ለሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

## ያደረግነው

በማግስቱ ጋራዡ ሄድኩ። መኪናዋን ሳላይ መካኒኩን ቡና ጋበዝኩት። የመጣሁት እሱን ለመመርመር እንዳልሆነ ነገርኩት። አላመነኝም፤ አልፈረድኩበትም። ብዙ አወራን። እሱም ያለበትን አወጣ። ባለመኪናው ኮፒ ዕቃ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ገዝቶ ያመጣል፤ ዕቃው ሲበላሽ ስም የሚጠፋው የመካኒኩ ነው። ሠርቶ ካስረከበ በኋላ ዋጋ ይከራከሩታል። ቀሪውን ነገ እከፍላለሁ ብሎ የቀረ ስንት አለ። አንድ ነገርም ራሱ ነገረኝ፤ ዕቃ የሚያስገዛበት ሱቅ ኮሚሽን ይሰጠዋል። «ሁሉም ይቀበላል፤ የእጅ ዋጋ ብቻውን አያኖርም» አለኝ። ይህን ያለ ማስገደድ መናገሩን ከፍ አድርጌ ነው የማየው።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኩት። «ጋስኬት መሆኑን በምን አወቅክ?» «በአረፋው» አለኝ። «ሌላ ነገር ቢሆንስ?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ግማሽ ቀን ፈትሼ ‹ትንሽ ነገር ነው› ብል የፈተሽኩበትን ማን ይከፍለኛል?»

እኔ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህች ጥያቄ ስል ነው። እውነቱን ነው። በእኛ አገር መካኒክ የሚከፈለው ለፈታው ቡሎን እንጂ ላጠፋው ጥርጣሬ አይደለም። «ማየት» ነፃ ነው። ነፃ ስለሆነ 10 ደቂቃ ነው። 10 ደቂቃ ስለሆነ ግምት ነው። ግምቱ ሲስት ደግሞ ስህተት አይመስልም፤ ሌብነት ይመስላል።

ስለዚህ ለምርመራው ብቻ 2,000 ብር እንድትከፍል ከባለቤቷ ጋር ተስማማን። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ብሩ የሱ ነው። ጥገናውን እዚያ ብታሠራም ባታሠራም። መካኒኩ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «እንግዲያው በደንብ እንየው» አለ።

ከኮሌጁ በፈቃድ ሁለት መሣሪያ ተዋስኩ። አንዱ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ ግፊት የሚሰጥ የእጅ ፓምፕ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊ ፈሳሽ የሚሞላበት ቱቦ ነው። ሞተሩ እየሠራ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፤ ጋስኬት ተበልቶ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይቀየራል። የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበት ግፊት) መለኪያ መካኒኩ ራሱ ነበረው። ከመሳቢያው ሥር ነው ያወጣው።

ሥራውን የጀመርነው ጠዋት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ነው። ባለቤቷን በቪዲዮ አገናኘናት። እዚያ ሌሊት ነበር። ስልኩን የያዘው ሾፌሩ ነው።

## ፈተናው ያሳየው

ዘይቱን አየን፤ ንጹሕ ነው፣ ወተት አልመሰለም። ካንዴላዎቹን አውጥተን ኮምፕሬሽን ለካን፤ ሦስቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ናቸው። ካንዴላዎቹን መልሰን ሞተሩን አስነሳንና ሰማያዊውን ፈሳሽ ሞከርን። 10 ደቂቃ ቆምን። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። መካኒኩ ቱቦውን ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው። ከዚያ ስልኩ ፊት አቀረበው። «ጋስኬቱ ደኅና ነው፤ ተሳስቼ ነበር» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

አረፋው ታዲያ ምንድን ነው? ሾፌሩ መንገድ ላይ በጥድፊያ ውሃ ሲሞላ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ትክክለኛውን ጥፋት ያገኘነው ሞተሩን አቀዝቅዘን የራዲያተሩን ክዳን የእጅ ፓምፑ ላይ ስንገጥም ነው። ክዳኑ ላይ 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ተጽፏል፤ እስከዚያ ድረስ ግፊት መያዝ አለበት። 0.3 ላይ ለቀቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ አበባ ለሚነዳ ሁሉ ይጠቅማል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተር የዘወትር ሙቀት ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍቱት ብዙ ቴርሞስታቶች መከፈት የሚጀምሩት 82 ዲግሪ ላይ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ደኅና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያወጣዋል። ክዳኑ ሲደክም ግን ሞተሩ ምንም ሳይሆን ዳገት ላይ ውሃው ይፈላል፣ ይፈሳል፣ ይጎድላል። ሲጎድል የበለጠ ይግላል። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ ብዙ የሚያገለግል ደካማ ክዳን እዚህ አያገለግልም።

ክዳኑ ብቻም አልነበረም። የእጅ ፓምፑን ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥመን ግፊቱን ሞልተን ስንጠብቅ ቀስ እያለ ወረደ። በባትሪ መብራት ስናይ የውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ የዝገት መስመር አለ፤ በዚያ ያንጠባጥባል። በመጨረሻም የቴርሞስታቱን ቤት ስንከፍት ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለም።

መካኒኩ «እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለ። ከ2 ዓመት በፊት ሾፌሩ ሙቀት ፈርቶ ለምኖት ነበር። እንደ ውለታ፣ ያለ ክፍያ። ይህ በከተማችን በጣም የተለመደ ነው፤ ቴርሞስታት ማውጣት ሙቀትን ያጠፋል ይባላል። ሞተሩ ግን በቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከውሃው የተወሰነው ራዲያተር ሳይነካ ዞሮ እንዲመለስ መንገድ ይከፍታል። ለባለቤቷ ማንም አልነገራትም። ሾፌሩ ይህ ሲነገር አንገቱን ደፋ።

እስቲ አስቡት። ቴስታታው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? 46,000 ብር ይከፈላል። አዲስ ጋስኬት ይገባል። ያው የደከመ ክዳን ይታሰርበታል፤ ያው ፓምፕ ያንጠባጥባል። ከአንድ ወር በኋላ ሽሮ ሜዳ ላይ ቀዩ መብራት እንደገና ይበራል። ያን ጊዜ ባለቤቷን «አልሰረቁሽም» ብሎ ማሳመን ለኔም ይከብደኝ ነበር።

ወጪው ይህን ይመስላል፤ ክዳን 1,200፣ የውሃ ፓምፕ 7,500፣ ቴርሞስታት 2,800፣ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) 4,000፣ የእጅ ዋጋ 4,500፣ ምርመራው 2,000። ድምሩ 22,000 ብር። ከግማሽ በታች ነው። ትንሽ ብር ግን አይደለም፤ ባለቤቷ ያለ ክርክር ነው የላከችው። ክርክሩ የጠፋው የምትከፍልበትን ነገር በዓይኗ ስላየችው ነው።

## ያልሠራው

ሁሉም ቀና ሆኖ አልሄደም።

የመጀመሪያው ስህተት የኔና የአክስቴ ልጅ ነው። «ኦርጂናል ፓምፕ ከዚህ ልላክ» አለች፤ እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው አልኩ። በመንገደኛ ላከችው። 11 ቀን ጠበቅን። ሲመጣ አልገጠመም። ቪትዝ አሜሪካ አትሸጥም ነበር። እዚያ ይሸጥ የነበረው ያሪስ ነው፤ የዚያን ዘመን የአሜሪካ ያሪስ ሞተር ደግሞ 1500 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በ11 ቀን ውስጥ ሾፌሩ አልሠራም፤ እናትየውም ገቢ አላገኙም። ለመካኒኩ ካለን ጥርጣሬ የተነሳ ያወጣነው ወጪ ነው ይህ።

ሁለተኛው ክዳኑ ነው። ሾፌሩ ራሱ ሄዶ ገዛ። በሚያብረቀርቅ ካርቶን የታሸገ ነው። ከመግጠማችን በፊት በግፊት ፓምፑ ስንሞክረው 0.5 አልፎ አልያዘም። ሱቁ ሊመልስለት አልፈለገም። ሁለተኛውን መካኒኩ ከሚያውቀው ሱቅ አመጣ፤ ያዘ። አዎ፣ ኮሚሽን የሚሰጠው ሱቅ ነው። እዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት ቀላል አይደለም። ኮሚሽኑን አልወደውም። ግን ያ ሱቅ የተበላሸ ዕቃ ይመልስለታል፤ መካኒኩ ደንበኛው ስለሆነ። ያደረግነው ኮሚሽኑን ለማጥፋት መታገል አይደለም። ባለቤቷ ሱቁን ራሷ ደውላ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ብሩንም በቀጥታ ለሱቁ ትልካለች። መካኒኩ በዚህ ተስማማ፤ የእጅ ዋጋውን ግን ትንሽ ጨመረ። ልክ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው የጽሑፍ ውል ነው። ሦስቱም የሚፈርሙበት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። መካኒኩ አልፈርምም አለ። ፊርማ ለሱ ክስ ነው፤ የተጠረጠረ ሰው ነው የሚፈርመው። አልገፋሁም። በምትኩ ዳሽቦርድ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ገዛን። የተሠራው ሥራ፣ ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ የወጣው ዕቃ ይጻፍበታል። መካኒኩ በእጁ ይጽፋል፤ ሾፌሩ ፎቶ አንስቶ ይልካል። አሮጌው ዕቃ በላስቲክ ሆኖ እናትየው ጋር ይሄዳል። እናትየው አሮጌውን ፓምፕ በረንዳ ላይ አስቀምጠውታል፤ ማንም እንዲጥለው አይፈቅዱም።

## ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

ለባለመኪና የምለው አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ለምርመራው ለብቻው ክፈሉ፤ ከጥገናው ነጥላችሁ፣ አስቀድማችሁ። መካኒኩ «ምንም የለባትም» ለማለት የማይጎዳበት ሁኔታ ፍጠሩለት። ትልቅ ነገር ይከፈት ሲባል ደግሞ «በምን አወቅክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ስድብ አይደለም። ጥሩ መካኒክ መልስ አለው፤ ከሌለው ለመፈተሽ ጊዜ ይጠይቃል።

ለመካኒክ ወንድሞቼ፤ የግፊት ፓምፕና ያ ሰማያዊ ፈሳሽ አንድ ቴስታታ በከንቱ ከማውረድ ይረክሳሉ። ደንበኛው በዓይኑ ሲያይ ደግሞ ከናንተ ጋር አይከራከርም። ቴርሞስታት አውጡልኝ የሚል ሾፌር ሲመጣ እምቢ በሉት፤ ካወጣችሁም ለባለቤቱ ይነገር።

ውጭ ሆናችሁ መኪና ለምታሠሩ፤ ጥቃቅኑን ለሾፌሩ፣ ትልቁን ለራሳችሁ የሚለውን ስምምነት እንደገና እዩት። የአክስቴ ልጅ አሁን ውሃና ዘይት በየሳምንቱ የማየቱን ኃላፊነት ለሾፌሩ ሰጥታ፣ ወጪውን ሁሉ ራሷ ትሸፍናለች። ከሳምንቱ ገቢ ላይ ትንሽ እየተነሳ ለጥገና ይቀመጣል። ሾፌሩ ትንሹን ብልሽት የሚደብቅበት ምክንያት አልቀረውም። ከጀመሩ ወዲህ ሁለት ጊዜ በራሱ ደውሎ «ይቺ ነገር ሳትብስ ትታይ» ብሏታል።

## ከ5 ወር በኋላ

መኪናዋ ትሠራለች። ሾፌሩ አልለቀቀም፤ ግን ያ የድምፅ መልእክት ከልቡ አልወጣም። ባለቤቷ ይቅርታ ጠይቃዋለች። እሱም «ምንም አይደለም እትዬ» ብሏል። ሲያወሩ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ አጭር ነው። ይህ ጊዜ የሚፈልግ ይመስለኛል።

መካኒኩ ለምርመራ ዋጋ ማስከፈል ሞክሯል። አብዛኛው ደንበኛ «ለማየት ብቻ?» ብሎ ወደ ጎረቤት ጋራዥ ይሄዳል። ጥቂቶች ይከፍላሉ። በመስከረም የራሱን የግፊት ፓምፕ ገዛ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለልኝ፤ ስለ ቪትዟ መስሎኝ ነበር።

«መምህር» አለኝ፣ «ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ሊያልቅብኝ ነው። ከየት ነው የሚገዛው?»